የመሸጋገሪያ ከፍታ

የመሸጋገሪያ ከፍታ ማለት አንድ አውሮፕላን ተነስቶ ሽቅብ ሲወጣ አብራሪው የአልቲሜትሩን የግፊት ቅንብር ከአካባቢው የአየር ግፊት ወደ መደበኛው ግፊት፣ ማለትም ወደ 1013.25 ሄክቶፓስካል፣ የሚለውጥበት ከፍታ ነው። ከዚህ ከፍታ በታች አውሮፕላኑ ያለበት ቦታ ከባሕር ወለል በላይ በጫማ ይነገራል፤ ከዚህ በላይ ደግሞ በበረራ ደረጃ፣ በአብራሪዎች አነጋገር በፍላይት ሌቭል፣ ይነገራል። አንድ ጫማ 30.48 ሴንቲ ሜትር ነው።

የመሸጋገሪያው ከፍታ በዓለም ዙሪያ አንድ አይደለም። እያንዳንዱ አገር ለአየር ማረፊያዎቹ ወይም ለአየር ክልሉ በሙሉ ይወስናል፤ አኃዙም በአየር ማረፊያው የበረራ ካርታ ላይ ይታተማል። እንደ ኢትዮጵያ ባሉ ደጋማ አገሮች ጉዳዩ ልዩ ክብደት አለው። የአየር ማረፊያዎቹ ራሳቸው ከፍ ባለ ቦታ ላይ ናቸው፤ በአቅራቢያቸው ያሉት ተራሮችም አውሮፕላኑ ወደ መደበኛው ግፊት በሚሸጋገርበት ከፍታ አካባቢ ወይም ከዚያም በላይ ይደርሳሉ። ከጎንደር ወደ አክሱም የሚወስደው መስመር በዳባትና በደባርቅ ላይ አልፎ የስሜን ተራሮችን ምዕራባዊ ጫፍ ስለሚያቋርጥ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው።

አልቲሜትር ምን ይለካል

አልቲሜትር የከፍታ መለኪያ ቢባልም በቀጥታ የሚለካው ከፍታን ሳይሆን የአየር ግፊትን ነው። በውስጡ አየር የተመጠጠለት ስስ የብረት ክፍል አለ። አውሮፕላኑ ከፍ ሲል በዙሪያው ያለው የአየር ግፊት ስለሚቀንስ ይህ ክፍል ያብጣል፤ ዝቅ ሲል ይጨመቃል። እንቅስቃሴው በጥርሶችና በዘንጎች አማካኝነት ወደ ጠቋሚው ይተላለፋል። በዘመናዊ አውሮፕላኖች ላይ ሥራውን የሚሠራው ኮምፒውተር ነው፤ መርሁ ግን ያው ነው።

ግፊትን ወደ ከፍታ ለመለወጥ መሣሪያው የሚጠቀመው መደበኛ ከባቢ አየር የተባለውን ስምምነት ነው። በዚህ ስምምነት መሠረት በባሕር ወለል ላይ ግፊቱ 1013.25 ሄክቶፓስካል፣ ሙቀቱ 15 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን፣ እስከ 11 ኪሎ ሜትር ድረስ በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ 6.5 ዲግሪ ይቀንሳል። በዚህ ስሌት ግፊቱ በጎንደር አየር ማረፊያ ከፍታ ወደ 795 ሄክቶፓስካል፣ በዳባት ወደ 737፣ በደባርቅ ወደ 715፣ በራስ ደጀን ጫፍ ላይ ደግሞ ወደ 575 ይሆናል። የደባርቅ ነዋሪ ይህን የግፊት መቀነስ ያለ መሣሪያም ያውቀዋል፦ ውኃ እዚያ የሚፈላው ከ90 ዲግሪ ጥቂት አለፍ ሲል በመሆኑ ባቄላና ሽምብራ ለመብሰል ቆላ ካለው ጊዜ በላይ ይወስዳሉ።

የአየር ግፊት ግን በከፍታ ብቻ አይወሰንም። ከቀን ወደ ቀን፣ ከቦታ ወደ ቦታም ይለያያል። ስለዚህ በአልቲሜትሩ ላይ ትንሽ መስኮትና ማዞሪያ አለ። አብራሪው በማዞሪያው የመነሻውን ግፊት ይሞላል፤ መሣሪያው ከዚያ ግፊት በላይ ያለውን ከፍታ ያሳያል። በመስኮቱ ላይ 1 ሄክቶፓስካል መለወጥ ንባቡን ወደ 27 ወይም 28 ጫማ ያህል፣ ማለትም ከ8 ሜትር ጥቂት በላይ፣ ይለውጠዋል። ቁጥሩ ሲጨምር ንባቡ ይጨምራል፤ ቁጥሩ ሲቀንስ ንባቡ ይቀንሳል።

ሦስቱ የግፊት ቅንብሮች

በበረራ ላይ የሚታወቁት ቅንብሮች ሦስት ናቸው። ስማቸው ከቴሌግራፍ ዘመን የመጣ የሦስት ፊደል ኮድ ነው።

ኪው ኤን ኤች፦ በአየር ማረፊያው የተለካው ግፊት በመደበኛው ከባቢ አየር ስሌት ወደ ባሕር ወለል ተመልሶ የሚገኘው ቁጥር ነው። ይህ ሲሞላ አልቲሜትሩ መሬት ላይ የአየር ማረፊያውን ከፍታ ያሳያል። ለምሳሌ በጎንደር አጼ ቴዎድሮስ አየር ማረፊያ ወደ 6,540 ጫማ፣ ማለትም 1,994 ሜትር ገደማ፣ ይነበባል። በካርታ ላይ የተጻፉት የተራሮች ከፍታዎችም ከባሕር ወለል የሚቆጠሩ ስለሆኑ ንባቡን በቀጥታ ከእነርሱ ጋር ማነጻጸር ይቻላል።

ኪው ኤፍ ኢ፦ በአየር ማረፊያው ላይ ያለው ግፊት ራሱ ነው። ይህ ሲሞላ አልቲሜትሩ መሬት ላይ ዜሮ ያሳያል። በኢትዮጵያ ደጋ ግን ይህ ቅንብር በአብዛኛው አይሠራም። የጎንደር ግፊት ወደ 800 ሄክቶፓስካል ሲጠጋ የብዙ አልቲሜትሮች መስኮት ከ950 ገደማ በታች አይወርድም።

መደበኛ ቅንብር፦ የትም ቢሆን፣ የዕለቱ ግፊት ምንም ይሁን ምን፣ 1013.25 ሄክቶፓስካል ነው። በኢንች የሜርኩሪ ለሚጠቀሙ አገሮች ይህ 29.92 ኢንች ነው። በዚህ ቅንብር የሚነበበው ከፍታ የመጨረሻ ሁለት ዜሮዎቹ ተትተው የበረራ ደረጃ ይባላል። 18,000 ጫማ ሲነበብ የበረራ ደረጃ 180 ነው።

ሁለት ቅንብር ያስፈለገበት ምክንያት

ጥያቄው አውሮፕላኑ ከምን ጋር እንዳይጋጭ ይፈለጋል የሚለው ነው። ወደ መሬት ቅርብ ሲሆን ዋናው አደጋ መሬቱ ነው። ተራራው፣ ኮረብታውና የመገናኛ ማማው ከባሕር ወለል በላይ በሜትር የታወቀ ቦታ ስላላቸው አብራሪው የራሱን ከፍታ በዚያው መለኪያ ማወቅ አለበት። ለዚህ ኪው ኤን ኤች ያስፈልጋል።

ከመሬት በብዙ ርቀት ከፍ ሲባል ግን ዋናው ሥጋት ሌላ አውሮፕላን ነው። አንዱ አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ተነስቶ የቦሌን ግፊት፣ ሌላው ከካይሮ መጥቶ የካይሮን ግፊት፣ ሦስተኛው ከጎንደር ተነስቶ የጎንደርን ግፊት ይዘው ቢገናኙ፣ ሦስቱም አንድ ዓይነት ቁጥር እያነበቡ በተለያየ ከፍታ ላይ፣ ወይም የተለያየ ቁጥር እያነበቡ በአንድ ከፍታ ላይ ሊሆኑ ይችላሉ። በየመቶ ኪሎ ሜትሩ አዲስ ግፊት እየጠየቁ መሙላትም ለፈጣን አውሮፕላን አይመችም። ሁሉም አንድ ቁጥር ከሞሉ ግን ቁጥሩ ከዕለቱ ግፊት ቢለይም ስሕተቱ ለሁሉም እኩል ስለሆነ በመካከላቸው ያለው ርቀት ይጠበቃል።

በአጭሩ ኪው ኤን ኤች ከመሬት ይጠብቃል፤ መደበኛው ቅንብር ከጎረቤት አውሮፕላን ይጠብቃል። የመሸጋገሪያው ከፍታ የመጀመሪያው ጥበቃ ለሁለተኛው ቦታውን የሚለቅበት ድንበር ነው።

ሽቅብ ሲወጣ ቅንብሩ የሚለወጥበት ጊዜ

የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ሥርዓት ግልጽ ነው፦ ሽቅብ የሚወጣ አውሮፕላን የመሸጋገሪያውን ከፍታ ሲያልፍ ወደ 1013.25 ይለውጣል። ቁልቁል የሚወርድ አውሮፕላን ደግሞ የመሸጋገሪያውን ደረጃ ሲያልፍ ወደ ኪው ኤን ኤች ይመልሳል። የመሸጋገሪያ ደረጃ ከመሸጋገሪያው ከፍታ በላይ ጥቅም ላይ ሊውል የሚችለው ዝቅተኛው የበረራ ደረጃ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት የመሸጋገሪያ ንጣፍ ይባላል። በንጣፉ ውስጥ ሽቅብ የሚወጣ አብራሪ ያለበትን በበረራ ደረጃ፣ ቁልቁል የሚወርድ ደግሞ በጫማ ይናገራል። በንጣፉ ውስጥ ቀጥ ብሎ መብረር አይፈቀድም።

የመሸጋገሪያው ከፍታ የዕለቱ የአየር ሁኔታ ምንም ይሁን ምን አይለወጥም። የመሸጋገሪያው ደረጃ ግን ከግፊቱ ጋር ሊለወጥ ስለሚችል የሚነገረው በመቆጣጠሪያ ማማው ወይም በአየር ማረፊያው የተቀረጸ መልእክት ነው። በድርጅቱ መመሪያ መሠረት የአንድ አየር ማረፊያ የመሸጋገሪያ ከፍታ በተቻለ መጠን ዝቅ ያለ ሆኖ ከአየር ማረፊያው ቢያንስ 3,000 ጫማ ከፍ ማለት አለበት። ስለዚህ ከ6,500 ጫማ በላይ በሆነው የጎንደር አየር ማረፊያ፣ በባሕር ዳርቻ ላሉ ከተሞች የሚበቃው ዓይነት የመሸጋገሪያ ከፍታ ሊሠራ አይችልም።

በአንዳንድ አገሮችና አየር መንገዶች አሠራር፣ አብራሪው ወደ በረራ ደረጃ እንዲወጣ ፈቃድ ካገኘና በመካከል በጫማ የሚያሳውቀው ከፍታ ከሌለ፣ ድንበሩን ሳይደርስ ወደ መደበኛው ግፊት እንዲለውጥ ይፈቀዳል። ዓላማው ለውጡ በሥራ ብዛት ውስጥ እንዳይረሳ ነው። በተራራ አካባቢ ግን ቀድሞ መለወጥ ዋጋ አለው። አውሮፕላኑ ገና ከተራሮቹ ከፍታ በታች ሳለ አብራሪው ከካርታው ጋር የሚነጻጸረውን ንባብ ያጣል።

ለውጡ ብዙውን ጊዜ በሁለት ሰው ይከናወናል። አንደኛው አብራሪ የመሸጋገሪያውን ከፍታ መድረሱን ድምፁን ከፍ አድርጎ ይናገራል፤ ሁለቱም በየአልቲሜትራቸው ላይ መደበኛውን ግፊት ይሞላሉ፤ ከዚያም የሚያልፉትን የበረራ ደረጃ እያነበቡ ሁለቱ መሣሪያዎች መስማማታቸውን ያረጋግጣሉ።

ምሳሌ፦ ከጎንደር በዳባትና በደባርቅ ላይ

አዘዞ ከሚገኘው የጎንደር አየር ማረፊያ እስከ አክሱም አየር ማረፊያ ድረስ ቀጥታ መስመር ቢሰመር ርዝመቱ ወደ 230 ኪሎ ሜትር ይሆናል። መስመሩ በአምባ ጊዮርጊስ አቅራቢያ ያልፍና ዳባትን፣ ቀጥሎም ከአየር ማረፊያው 85 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀውን ደባርቅን ይነካል። ዳባት ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር፣ ደባርቅ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። ከደባርቅ በኋላ መሬቱ በሊማሊሞ በኩል ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወደ ቆላው ይወርዳል፤ በምሥራቅ በኩል ደግሞ ወደ ስሜን አምባዎች ይወጣል።

የዕለቱ ኪው ኤን ኤች 1024 ነው፣ በካርታው ላይ የታተመው የመሸጋገሪያ ከፍታም 13,000 ጫማ ነው ብለን እናስብ። እነዚህ ቁጥሮች ለማስረጃ የተወሰዱ ናቸው፤ በእውነተኛ በረራ ሁለቱም የሚወሰዱት ከዕለቱ መረጃና ከታተመው ካርታ ብቻ ነው። አውሮፕላኑ በሰዓት 350 ኪሎ ሜትር እየተጓዘ በየደቂቃው 1,000 ጫማ ከፍታ የሚጨምር ከሆነ፣ ከተነሳ በኋላ የሚያደርገውን ዙሪያ ትተን፣ 13,000 ጫማ የሚደርሰው ከ6 ደቂቃ ተኩል ገደማ በኋላ፣ ከአየር ማረፊያው 38 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ነው። ይህ አምባ ጊዮርጊስን ጥቂት አልፎ፣ ዳባት ሳይደርስ ማለት ነው።

በዚያች ቅጽበት አብራሪው ከ1024 ወደ 1013 ሲለውጥ ልዩነቱ 11 ሄክቶፓስካል ያህል ስለሆነ ንባቡ በ300 ጫማ ገደማ ዝቅ ይላል። ከ13,000 ወደ 12,700 ይወርዳል። አውሮፕላኑ ግን አልወረደም፤ የተለወጠው የመቁጠሪያው መነሻ ብቻ ነው። አብራሪው ያለበትን ቢጠየቅ «የበረራ ደረጃ 127ን አልፌ እየወጣሁ ነው» ይላል። በዚህ ዕለት የበረራ ደረጃ 130 ከባሕር ወለል በላይ 13,300 ጫማ ገደማ ላይ ስለሚሆን ከመሸጋገሪያው ከፍታ በላይ ነው፤ ስለዚህ የመሸጋገሪያ ደረጃ ሊሆን ይችላል። በሁለቱ መካከል ቢያንስ 1,000 ጫማ እንዲኖር የሚያዝዙ አገሮች ግን ከዚህ ከፍ ያለውን ይመርጣሉ።

ሳይለወጥ ቢቀር

በዚያው በረራ ላይ አብራሪው 1024ን ሳይለውጥ ወደ በረራ ደረጃ 180 ቢወጣ፣ በመሣሪያው ላይ 18,000 ሲነበብ ቀጥ ብሎ መብረር ይጀምራል። በእርግጥ ያለው ግን በበረራ ደረጃ 177 ላይ ነው። በበረራ ደረጃ 170 ላይ ከተቃራኒ አቅጣጫ የሚመጣ አውሮፕላን ቢኖር በመካከላቸው መኖር የነበረበት 1,000 ጫማ ወደ 700 ይወርዳል።

ይህን ስሕተት ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያየው ተቆጣጣሪው ነው። የአውሮፕላኑ ትራንስፖንደር የሚልከው ከፍታ አብራሪው በመስኮቱ ከሞላው ቁጥር ጋር አይገናኝም፤ ሁልጊዜ በ1013.25 የተሰላ ነው። ስለዚህ አብራሪው 180 እያነበበ በተቆጣጣሪው ስክሪን ላይ 177 ይታያል። በ300 ጫማ መለየት ተቆጣጣሪዎች ጥያቄ የሚያነሱበት መጠን ነው። ራዳር በማይሸፍነው የተራራ ሸለቆ ላይ ግን ይህ ሁለተኛ ዓይን የለም።

ጉዳዩ ከፍ ባሉ የበረራ ደረጃዎች ይበልጥ ይጠብቃል። ከበረራ ደረጃ 290 እስከ 410 ባለው አየር ውስጥ ቀድሞ በአውሮፕላኖች መካከል 2,000 ጫማ ይተው ነበር። በአፍሪካ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ርቀቱ ወደ 1,000 ጫማ ዝቅ ብሏል። በዚህ አየር ውስጥ የተረሳ ቅንብር የሚያጠፋው ከቀደመው ድርሻ የበለጠ ነው።

የስሜን ተራሮችና ዝቅተኛው የበረራ ደረጃ

የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና መግቢያ ደባርቅ ነው። ፓርኩ በ1978 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የኢትዮጵያ ከፍተኛ ተራራ ራስ ደጀን ከጎንደር አየር ማረፊያ በስተ ሰሜን ምሥራቅ ወደ 130 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ይገኛል። ከፍታው በአዳዲስ ልኬቶች 4,533 ሜትር፣ በጫማ ወደ 14,870 ነው። ይህ ማለት የበረራ ደረጃ 150 በመደበኛ ቀን ከተራራው ጫፍ በ130 ጫማ ብቻ ይበልጣል።

እዚህ ላይ የመሸጋገሪያው ሥርዓት አንድ ጥንቃቄ ይጠይቃል። መደበኛው ቅንብር ከጎረቤት አውሮፕላን እንጂ ከመሬት አይጠብቅም፤ በስሜን ግን መሬቱ በበረራ ደረጃዎች መካከል ይገኛል። በዓለም አቀፉ ደንብ በመሣሪያ የሚበር አውሮፕላን በተራራማ አካባቢ በ8 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ካለው ከፍተኛ መሰናክል ቢያንስ 2,000 ጫማ ከፍ ብሎ መብረር አለበት። በራስ ደጀን ላይ ይህ ወደ 16,870 ጫማ ይደርሳል።

የበረራ ደረጃ 170 ይህን ያሟላልን? መልሱ በዕለቱ ግፊት ላይ የተመሠረተ ነው። ኪው ኤን ኤች 1024 ከሆነ የበረራ ደረጃ 170 ከባሕር ወለል በላይ 17,300 ጫማ ገደማ ስለሚሆን ይበቃል። ግፊቱ 1005 ቢሆን ግን 16,780 ጫማ አካባቢ ስለሚሆን ከደንቡ ያንሳል፤ አብራሪው 180ን መምረጥ ይኖርበታል። ስለዚህ ከ1013 በታች የሆነ ግፊት በተራራ ላይ ለሚበር ሰው የማስጠንቀቂያ ምልክት ነው። የበረራ ደረጃው ሁሉ ወደ መሬት ይጠጋልና።

ሙቀት፣ ነፋስና የቀኑ ሰዓት

በመደበኛው ከባቢ አየር ስሌት የደባርቅ ሙቀት ከዜሮ በታች 3.5 ዲግሪ፣ የዳባት ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ገደማ፣ የጎንደር አየር ማረፊያ ደግሞ 2 ዲግሪ መሆን ነበረበት። ደባርቅ ብርዳም ከተማ ብትሆንም ቀኑን ሙሉ በበረዶ ሙቀት ውስጥ አትውልም፤ ጎንደርም በቀን ከ20 ዲግሪ በላይ ትሞቃለች። የኢትዮጵያ ደጋ አየር ከስሌቱ በብዙ ይሞቃል ማለት ነው። ሞቃት አየር ስለሚለጠጥ ያው ግፊት ከፍ ባለ ቦታ ላይ ይገኛል። በዚህ ምክንያት የደጋ አየር ማረፊያዎች ኪው ኤን ኤች ብዙውን ጊዜ ከ1013 ይበልጣል፤ አውሮፕላኑም ከሚያነበው ከፍ ብሎ ይበራል።

አብራሪዎች ለዚህ የሚጠቀሙት ግምት፣ አየሩ ከመደበኛው በ10 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ከአየር ማረፊያው በላይ ያለው እውነተኛ ከፍታ ከንባቡ በ4 በመቶ ይበልጣል የሚል ነው። አየሩ ሲቀዘቅዝ ተቃራኒው ይሆናል፤ በቀዝቃዛ አገሮች ተራራ ላይ የሚደረገው የከፍታ እርማት ከዚህ የመጣ ነው። ሙቀቱ ከተራራ በመራቅ በኩል ቢጠቅምም አየሩን ስለሚያሳሳው አውሮፕላኑ በዝግታ እንዲወጣ ያደርጋል። ስለዚህ በሞቃት ቀን ከጎንደር የሚነሳ አውሮፕላን የመሸጋገሪያውን ከፍታ የሚደርሰው ከላይ ከተሰላው ርቆ፣ ምናልባትም ወደ ዳባት ተጠግቶ ነው።

ኃይለኛ ነፋስ ሸንተረርና ገደል ሲያቋርጥ በአካባቢው ያለውን ግፊት ዝቅ ስለሚያደርግ አልቲሜትሩ ከእውነተኛው ከፍ ያለ ንባብ ሊሰጥ ይችላል። እንደ ስሜን ባሉ ቀጥ ያሉ ገደሎች አጠገብ አብራሪዎች ከዝቅተኛው ከፍታ በላይ ተጨማሪ ርቀት የሚይዙት አንዱ ለዚህ ነው።

በሞቃታማው የዓለም ክፍል የአየር ግፊት በቀን ሁለት ጊዜ ከፍና ዝቅ ይላል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጠዋትና ማታ 4 ሰዓት ገደማ ከፍ፣ ከቀኑና ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ዝቅ ይላል። ልዩነቱ በጥቂት ሄክቶፓስካል የሚቆጠር ቢሆንም ጠዋት የተሞላ ቁጥር ከሰዓት በኋላ እንዳይሠራ ይበቃል።

ቁልቁል ሲወረድ

ሽቅብ ሲወጣ የሚረሳ ለውጥ በዋናነት ከሌላ አውሮፕላን ጋር ያጠጋጋል፤ ቁልቁል ሲወረድ የሚሠራ ስሕተት ደግሞ ከመሬት ጋር ያጠጋጋል። በሕዳር 12 ቀን 1995 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኮኔቲከት ግዛት ወደ ዊንዘር ሎክስ የሚያርፍ ኤም ዲ 83 አውሮፕላን በሸንተረር ላይ ያሉ ዛፎችን መትቶ አረፈ፤ ተሳፋሪዎቹ በሙሉ ተረፉ። ምርመራው ወቅታዊው የግፊት ቁጥር ለአብራሪዎቹ አለመድረሱን ከአስተዋጽኦ ምክንያቶቹ አንዱ አድርጎ ጠቅሷል። በግንቦት 23 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ ወደ ፓሪስ ሻርል ደ ጎል ለሚያርፍ ኤርባስ ኤ320 አውሮፕላን ግፊቱ 1001 ሆኖ ሳለ 1011 ተብሎ ተነገረ። አውሮፕላኑ በዝናብ ውስጥ ከሚያነበው በ280 ጫማ ያህል ዝቅ ብሎ እየበረረ መንደርደሪያው ሳይደርስ ከመሬት እስከ 6 ጫማ ድረስ ከተጠጋ በኋላ ተመልሶ ወጣ። በሁለቱም ጉዳዮች አልቲሜትሩ አልተበላሸም ነበር።

የመለኪያ አሃድ መለያየትም ያደናግራል። በኢንች በሚጠቀም አገር 29.92 በአጭሩ «992» ተብሎ ቢነገርና በሄክቶፓስካል የለመደ አብራሪ 992 ሄክቶፓስካል ብሎ ቢሞላ ልዩነቱ ወደ 21 ሄክቶፓስካል፣ ወይም ከ550 ጫማ በላይ፣ ይሆናል።

በሌሎች አገሮች

በአሜሪካና በአብዛኛው የካናዳ በረራ የመሸጋገሪያው ከፍታ 18,000 ጫማ ነው፤ በጃፓን 14,000፣ በኒውዚላንድ 13,000፣ በአውስትራሊያ 10,000 ጫማ ነው። በአውሮፓ ብዙ አገሮች ከዚህ በጣም ዝቅ ያሉ ቁጥሮችን ይጠቀማሉ፤ በጀርመን በአብዛኛው 5,000 ጫማ ነው። ከፍ ያለ የመሸጋገሪያ ከፍታ አብራሪው ተራሮቹን አልፎ እስኪወጣ ድረስ ከካርታው ጋር የሚስማማ ንባብ እንዲይዝ ያደርጋል። ዝቅ ያለው ደግሞ አውሮፕላኖች ቶሎ በአንድ መለኪያ እንዲሰለፉ ይረዳል። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በአውሮፓ አልፎ ወደ አሜሪካ የሚበር አብራሪ በአንድ ጉዞ ላይ የተለያዩ ድንበሮችን ስለሚያቋርጥ ከእያንዳንዱ መነሳትና ማረፍ በፊት ካርታውን ያነባል።

ሳተላይትን የሚጠቀመው ጂፒኤስ ከፍታን ቢያሳይም ይህን ሥርዓት አልተካም። አውሮፕላኖች የሚለያዩት ሁሉም በሚጋሩት የግፊት መለኪያ ስለሆነ አንዱ ብቻውን በሌላ መለኪያ ቢበር ርቀቱ ይፋለሳል።

ታሪክ

በግፊት ከፍታን መለካት ከአውሮፕላን ይቀድማል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስሜንን የጎበኙ አውሮፓውያን ተጓዦች የተራሮችን ከፍታ በባሮሜትርና ውኃ በሚፈላበት ሙቀት ይገምቱ ነበር። ፈረንሳውያኑ ፌሬና ጋሊኒዬ በ1841 እ.ኤ.አ. ራስ ደጀን ላይ ወጥተዋል። በብዙ የቆዩ መጻሕፍት የራስ ደጀን ከፍታ 4,620 ሜትር ተብሎ መጻፉና ዛሬ ወደ 4,533 መውረዱ የተራራ ከፍታን በትክክል መለካት ምን ያህል ከባድ እንደነበር ያሳያል።

አብራሪው ራሱ ግፊት የሚሞላበትን ትክክለኛ አልቲሜትር በ1928 እ.ኤ.አ. የሠራው በጀርመን ተወልዶ በአሜሪካ የኖረው ፖል ኮልስማን ነው፤ የመሣሪያው ትንሽ መስኮት እስከ ዛሬ የኮልስማን መስኮት ይባላል። በመስከረም 24 ቀን 1929 እ.ኤ.አ. ጂሚ ዱሊትል ይህን መሣሪያ ይዞ ውጭውን ሳያይ ተነስቶ በመብረር አረፈ። ከዚህ አንድ ወር ገደማ ቀደም ብሎ፣ ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም.፣ የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ ደርሶ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ በዚያው ዓመት መጋቢት 30 የመጀመሪያ በረራውን በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። መንገዱ የአገሪቱን ሰሜናዊ ደጋ የሚያቋርጥ ነበር።

በእግር ለሚጓዙ

የእጅ ሰዓትና አንዳንድ ስልኮች በውስጣቸው የግፊት መለኪያ ስላላቸው ተመሳሳይ ጉዳይ ይገጥማቸዋል። ከደባርቅ ወደ ሳንቃበር፣ ግጭና ጨነቅ የሚሄድ ተጓዥ ከመነሳቱ በፊት መሣሪያውን በደባርቅ የታወቀ ከፍታ ካስተካከለው ንባቡ ከካርታው ጋር ይቀራረባል። ደባርቅ አካባቢ 1 ሄክቶፓስካል ከ11 እስከ 12 ሜትር ያህል ስለሆነ የቀኑ የግፊት መዋዠቅ ብቻውን ንባቡን በ30 ሜትር ገደማ ሊያዛባ ይችላል። በየሰፈሩ ከፍታው በታወቀ ቦታ ላይ እንደገና ማስተካከል ያስፈልጋል። አብራሪው ለማረፍ ሲወርድ አዲስ ግፊት የሚጠይቀውም በዚሁ ምክንያት ነው።